የልምምድ ድካም ነው ያልኩት ሕመም

ጀርባውን እያመመው «ዛሬ ነገ ይተወኛል» እያለ የሚሮጥ ሰው ካለ፣ ይህን የጻፍኩት ለእሱ ነው። ሐኪም አይደለሁም። በረኛ ነበርኩ። «ነበርኩ» የምትለዋን ቃል ለመጻፍ ራሱ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ስሜ ጀማል ነው። ያደግኩት ቀወት ገጠሩ ውስጥ ነው፤ አባቴ ማሽላና ማሾ ያመርታል። ሸዋሮቢት ላይ በዝቅተኛው ሊግ ለሚወዳደር ቡድን ሦስት ዓመት በር ጠብቄያለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ በክረምቱ እረፍት፣ አባቴን በእርሻ ሳግዝ ነው። ከሁለቱ ትከሻዎቼ መሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ አውራ ጣት በሚሸፍነው ቦታ ላይ ይጠቀጥቀኛል። ጎንበስ ስል ይብሳል፣ ስጋደም ቀለል ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። የሚናገሩት ነገር አልነበረም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ የዓመቱ ዝግጅት ተጀመረና ከከተማው ዳር በተከራየ ግቢ ካምፕ ገባን። ሃያ ስምንት ነበርን። ቡድኑ የሚያስመዘግበው ሃያ ሦስት ብቻ እንደሆነ አሰልጣኛችን ኮች ግርማ በመጀመሪያው ቀን ነገሩን። ቆላ ነውና ፀሐይ ከወጣች በኋላ መሮጥ አይቻልም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነስተን ውኃው በጎደለው ወንዝ ዳር፣ አሸዋ ላይ እንሮጣለን። አሸዋ እግር ይይዛል፣ ጭን ያቃጥላል። ከዚያ ሜዳ ገብተን ዝላይ፣ ቁጭ ብድግ፣ መሬት ላይ በተደረደሩ ኮኖች መሃል መሽሎክሎክ። እኛ በረኞች ደግሞ ሌላው ሲያርፍ ለብቻችን ግራና ቀኝ እየተወረወርን እንወድቃለን። ሣር የሌለው ሜዳ ላይ መውደቅ ምን እንደሆነ የወደቀ ያውቀዋል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ጀርባ ቢያም ማን ይደነግጣል? ሁሉንም የሚያመው ነገር ነበረው። ማታ አንሶላዬ በላብ ይርስ ነበር፤ ግን ሸዋሮቢት ውስጥ ሳያልበው የሚያድር ማን ነው? ቁምጣዬ ከወገቤ እየወረደ በክር ማሰር ጀመርኩ። ኮች ግርማ አንድ ቀን ጠዋት ከላይ እስከ ታች አዩኝና፦

«ጀማል፣ ክረምቱን ተኝተህ አላሳለፍክም። ሸንቃጣ ሆነሃል። እንደ እሱ ሁኑ!» አሉ ለሌሎቹ።

ደስ አለኝ። ሰውነቴ እያለቀ መሆኑን የሚነግረኝን ምልክት ሁሉ እንደ ሽልማት ነው የተቀበልኩት።

ደስታዬ ምክንያት ነበረው። በዚያ ዓመት ዮናስ የሚባል አዲስ በረኛ መጥቶ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ሲይዝ ድምፅ የማይሰማበት ልጅ። ሦስት በረኞች ነበርን፤ የሚገቡት ሁለት ናቸው፤ የሚሰለፈው ደግሞ አንድ። ጀርባዬን አመመኝ ብዬ አንድ ቀን ከልምምድ ብቀር ቦታዬን እንደማላገኘው አውቅ ነበር።

የቡድናችን ወጌሻ ጋሽ በቀለ ጥሩ ሰው ናቸው። በየቀኑ ከልምምድ በኋላ በሆዴ አስተኝተው ያሹኛል። «ጡንቻህ ተቋጥሯል ልጄ፣ ይፈታል» ይላሉ። ሲያሹኝ ለጊዜው ይለቀኛል። ሌሊቱን ተመልሶ ይመጣል።

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ማታ ትኩሳት ጀመረኝና ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የወባ ወቅት ስለነበር አግዳሚው ሞልቶ ሰዉ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ልጅ ያቀፉ እናቶች፣ ፎጣ የተከናነቡ ገበሬዎች። ተራዬ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። ደሜ ታየና ወባ የለብህም፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልኩ። መርፌና ክኒን ተሰጠኝ። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን በረደና ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሌላ ባለሙያ ነበር። ጀርባዬን እንደሚያመኝ ስነግረው በልብሴ ላይ ጎኔን መታ መታ አደረገና፦

«ኩላሊትህ ነው። እናንተ ኳስ ተጫዋቾች ውኃ አትጠጡም» አለኝ።

ውኃ ጠጣሁ። በቀን ስንት ጠርሙስ እንደምጠጣ ዮናስ ሳይቀር ይስቅብኝ ነበር። ማንም ልብሴን አስወልቆ ጀርባዬን አላየም። እኔም አላሳየሁም።

አንድ ጠዋት በኮኖቹ መሃል ስንሽሎከለክ ዮናስ ከኋላዬ ነበር። ስንጨርስ ጠጋ አለኝ።

«ጀማል፣ ግራ እግርህን እየጎተትክ ነው። ይታወቅሃል?»

«የራስህን እግር ጠብቅ» አልኩት።

«የምሬን ነው። ጫማህን እየው፣ ጫፉ ተበልቷል። መሬት እየፋቀ ነው። ለኮች ንገራቸው።»

«ቦታዬን ፈልገህ ነው እንጂ እግሬ መቼ አስጨነቀህ?»

ኮኖቹን ሊሰበስብ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ግን እሱ ራሱ ለኮች ግርማ ነገራቸው። ጠርተው ሲጠይቁኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ፊታቸው ዘለልኩ፣ ተወረወርኩ። ከዚያ ካምፕ ገብቼ ዮናስን ልጆቹ ሁሉ ፊት ሰደብኩት። አፌ ያመጣልኝን አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም።

ከሳምንት በኋላ ካራቆሬ ሄደን የወዳጅነት ጨዋታ አደረግን። ኮች ከመጀመሪያው አሰለፉኝ። በሁለተኛው አጋማሽ ከሩቅ የተመታች፣ ሕፃን የሚያቆማት ኳስ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች መጣች። ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ነበር የሚያስፈልገኝ። እግሬን አዘዝኩት። አልሄደም። ያመመኝ ነገር የለም፤ ብቻ እግሬ አልሰማኝም። እንደቆምኩ በግንባሬ ተደፋሁ፤ ኳሷም በአጠገቤ አልፋ ገባች። ተመልካቹ ሳቀ። የእኛ ልጆችም የሳቁ ነበሩ። ያልሳቀው፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ጓንቱን እያጠለቀ የነበረው ዮናስ ነው።

ወደ ሸዋሮቢት ስንመለስ ኮች ግርማ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ቤትህ ሂድና አንድ ሳምንት እረፍ። ስምህን ከዝርዝሩ አላወጣውም» አሉኝ።

ድምፃቸው ውስጥ ግን ስሜ እንደወጣ ሰማሁት።

ቤት ስገባ እናቴ አይታኝ አለቀሰች። «ልጄን ዐይን በላው» አለች። አባቴ ልብሴን አስወለቀኝ። ከዚያ በእጁ ጀርባዬን ሲዳብስ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አጥንቴ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ነበር፤ የዶሮ እንቁላል ግማሽ ያህል።

«ይሄ የወለቀ ነገር ነው። የሚመልስ ሰው አውቃለሁ» አለ።

በበነጋው በአህያ ጭኖ አጥንት ወደሚያቃኑ ሽማግሌ ወሰደኝ። ሰውየው በአካባቢው የተከበሩ ናቸው፤ የስንቱን የተሰበረ እጅ ጠግነዋል። ክፋት አልነበራቸውም። በሆዴ አስተኙኝ፣ ቅቤ ቀቡኝ፣ ከዚያ በሁለት መዳፋቸው ጉብታውን በሙሉ ኃይላቸው ተጫኑት። ትኩስ ነገር ከጀርባዬ ተነስቶ እስከ እግሬ ጣቶች ሲወርድ ተሰማኝ። ጮህኩ።

«ገባ፣ ገባ። አልሐምዱሊላህ በል» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልነሳ ስል ግራ እግሬ የለም። ማለቴ አለ፣ አየዋለሁ፤ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ቀትር ላይ ቀኙም ተከተለው። ሽንቴ መጥቶ አልወጣ አለ። እናቴ ውኃ ይዛ እላዬ ላይ ቆማለች። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶናል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ። ጀርባው ላይ ጉብታ ያየ ሰው ማንም እንዲጫንለት አይፍቀድ። ወጌሻም ይሁን ዘመድ፣ የሚወዱትም ሰው ቢሆን።

አባቴ ለኮች ግርማ ደወለ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነበር የቆየው፤ ኮች ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ወጥተው መመለስ አልቻሉም። ግን ወዲያው ወደ ካምፑ ደውለው ተናገሩ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ዮናስ ነው። ከባጃጁ ጣራ ላይ በገመድ የታሰረ ነገር ያወርዳል። በር ነው። የካምፓችንን የመኝታ ክፍል በር ነቅሎ አምጥቷል።

«ጀርባው መታጠፍ የለበትም። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ ነግረውናል» አለው አባቴን። ወደ እኔ አላየም። እኔም ማየት አልቻልኩም።

ግቢ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አስተባብሮ፣ አንድ ሁለት ሦስት ብሎ፣ እንደ እንጨት ቀጥ አድርገው በሩ ላይ አስተኙኝና በሻሽ አሰሩኝ። ካራቆሬ የወሰደን ሚኒባስ ሹፌር የኋላ ወንበሮቹን ፈትቶ ዋናው መንገድ ላይ ጠበቀን። ጤና ጣቢያው ሽንቴን በቱቦ አወጣልኝና ወደ ላይ ሂዱ አለን። መንገዱ ግን ዝግ ነበር። ሁለት ቀን ጠበቅን። ሁለቱንም ቀን ዮናስ ልምምዱን ጨርሶ እየመጣ፣ ከአባቴ ጋር ሆኖ ከጎን ወደ ጎን ያገላብጠኝ ነበር። የሚመዘገቡት የሃያ ሦስቱ ዝርዝር የወጣው በዚያው መሃል ነው። እኔ የለሁበትም። እሱም አልነገረኝም፤ ከሹፌሩ ነው የሰማሁት።

መንገዱ ሲከፈት ወጣን። ጣርማበር ዋሻውን ስናልፍ ብርዱ መታኝ። ከወገቤ በላይ ተንቀጠቀጥኩ፤ ከወገቤ በታች ግን ብርድ የሚባል ነገር አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁት ቅጽበት የለም።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውስጥ ኮሪደር ላይ በሩ ላይ እንደተኛሁ ጠበቅን። የሚያልፈው ሰው ሁሉ በሩን አይቶ ከዚያ እኔን ያያል። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። ልብሴን አስወልቃ፣ አጥንቶቼን አንድ በአንድ ነካች። ውስጥ እግሬን በቁልፍ ጫፍ ጫረችው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

«ማታ ማታ ያልብሃል?»

«አዎ ዶክተር፤ ግን ቆላ ነው የምኖረው።»

«ከስተሃል?»

«ልምምድ ላይ ስለነበርኩ...»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጀርባህን ያመመህ?»

«ከሰኔ።»

እጇን ከእግሬ ላይ አላነሳችም። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን። የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የምንለው፣ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አጥንት ውስጥም ይገባል። የጀርባ አጥንቴን እየበላው ነበር። መግል ቋጥሮ ወደ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። በምርመራ ማረጋገጥ አለብን አለች፤ አዲስ አበባ የሚነሳ ኤምአርአይ የሚባል ምስል፣ ምናልባትም ኦፕራሲዮን።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። «ይራመዳል?»

«ቶሎ ብትመጡ ኖሮ አዎ እላችሁ ነበር። አሁን እንሞክራለን» አለች።

አባቴ የሚያርስባቸውን ሁለት በሬዎች ሸጠ። ስንት እንደተሸጡ ዛሬም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አዲስ አበባ ውስጥ ምስሉ ተነሳ፣ ዶክተሯ ያለችው ሆነ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ መግሉ ወጣ። ከዚያ ሰባት ሳምንት አልጋ ላይ ነበርኩ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ጋሽ ተሾመ ተኝተው ነበር። ሕመማችን አንድ ነው። እሳቸው ዓመት ሙሉ «የመሪ ድካም ነው» እያሉ ሲነዱ ኖረዋል። ጀውሃ ላይ ቆመው የሚበሉበትን ምግብ ቤት እያነሱ ስለ ሰፈሬ ያጫውቱኛል። በየጠዋቱ ሁለታችንም የእግራችንን ጣት ለማንቀሳቀስ እንሞክራለን። አንድ ጠዋት የግራ አውራ ጣቴ ነቃነቅ አለ። ትንኝ ያረፈበት ያህል። ልጮህ ስል ጋሽ ተሾመን አየሁና ዋጥኩት። እሳቸው ግን አይተውታል።

«አየሁት፣ አየሁት። አትደብቀኝ። ደስ ይበልህ እንጂ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የእሳቸው ጣት እኔ እስከወጣሁበት ቀን አልተንቀሳቀሰም። ከወራት በኋላ ስደውል ባለቤታቸው አነሱት። ማረፋቸውን ነገሩኝ።

ቀወት ስመለስ ከደረቴ እስከ ወገቤ ጠንካራ የፕላስቲክ መደገፊያ ለብሼ፣ በሁለት ክራንች ነበር። መድኃኒቱ ዓመት ሙሉ የሚወሰድ ነው፤ አንድም ቀን አይዘለልም። አባቴ በአህያ ጤና ጣቢያ እያመላለሰኝ ነርሷ ፊት ክኒኑን እውጣለሁ። ሽንቴ ሲቀላ ደም መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ሆድ ይበጠብጣል፣ አፍ ይመራል። ማቆም ያማረኝ ቀን ብዙ ነው።

ከመድኃኒቱ የመረረኝ ግን ሌላ ነው። እህቴ ልጆቿን ማምጣት ተወች። ጎረቤት በበር ላይ ቆሞ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን እናቴ ዕቃ ስታጥብ የእኔን ብርጭቆ ለብቻ አስቀምጣ አየሁ።

«እማ፣ የእኔ ለብቻው ነው እንዴ?»

እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ዶክተሯ እኮ ነግራናለች። አጥንት ውስጥ ያለው፣ ሳንባዬም ንጹሕ ከሆነ፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። መርምረውኛል።»

«አውቃለሁ ልጄ። ልቤ ነው እንጂ የፈራው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ወተት ጠጥቼ ግማሹን ስተው ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና፣ እያየኋት፣ እህቴም ቆማ እያየች፣ ጨልጣ ጠጣችው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ መጡ።

ሚያዝያ ላይ አንዱን ክራንች ጣልኩ፣ ሐምሌ ላይ ሁለተኛውን። ያኔ ነው ለዮናስ የደወልኩለት። ዓመቱን በሙሉ እሱ ነበር የተሰለፈው። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ በቀጥታ ገባሁበት።

«ሰድቤህ ነበር። ይቅር በለኝ። ለኮች ባትነግራቸው፣ በሩን ባታመጣው...»

«ተወው እሱን።»

«ቦታዬን ፈልገህ መስሎኝ ነበር።»

«እውነቱን ልንገርህ? ቦታህንም ፈልጌ ነበር። እግርህም አሳስቦኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው» አለኝ።

ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ በእውነት ያናገረኝ ሰው የለም።

የመጨረሻውን ክኒን የዋጥኩት ኅዳር ላይ ነው። ነርሷ ካርዴን ዘግታ «ጨረስክ» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ወጥቼ ያቺን ዶክተር አገኘኋት። አስቆመችኝ፣ አስኬደችኝ፣ ፈገግ አለች። መጫወት እንደምችል ስጠይቃት ፈገግታዋ ጠፋ።

«ትራመዳለህ፣ ትሠራለህ፣ ታገባለህ፣ ትወልዳለህ። መሬት ላይ ግን አትወረወርም። ያ አጥንት ሁለተኛ ዕድል የለውም።»

እንግዲህ ለምታነቡኝ የምለው ይህ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የጀርባ ሕመም ካላችሁ፣ ላብና ትኩሳት ከተጨመረበት፣ ከከሳችሁ፣ እግራችሁ ከደነዘዘ፣ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ለሐኪም አሳዩ። አሰልጣኝ ቢያመሰግናችሁም አሳዩ። የጀመራችሁትን መድኃኒት አታቋርጡ። እኔ አልሐምዱሊላህ ተርፌያለሁ፤ ግን የተረፍኩት በሙሉ አይደለም።

ከደብረ ብርሃን ስመለስ ሸዋሮቢት ወረድኩ። ቡድኑ ለአዲሱ የውድድር ዓመት እየተዘጋጀ ነበር። ጠዋት ሜዳ ሄድኩ። ግማሾቹን ልጆች አላውቃቸውም። ኮች ግርማ አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ። ዮናስ ወደ ሌላ ቡድን ሄዷል። ልጆቹ ውኃ ሊጠጡ ሲያርፉ በሩ ባዶ ነበር፤ ገብቼ ቆምኩ። አንድ የማላውቀው አጥቂ ከሩቅ አየኝና በረኛ መስዬው ኳስ መታ። በግራ በኩል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላ መጣች። ድሮ ዐይኔን ጨፍኜ የምይዛት ነበረች። ትከሻዬ ቀድሞ ሄደ፣ ጉልበቴ ሸብረክ አለ፣ መላ ሰውነቴ ወደዚያ አዘነበለ። ያዝኩት። ኳሷን ሳይሆን ራሴን ያዝኩት።

ኳሷ ገባች። መረብ ስለሌለው እስከ አጥሩ ድረስ ተንከባለለች። ልጁ «ሶሪ!» ብሎ ሊያመጣት ሮጠ።

«ተው፣ እኔ አመጣታለሁ» አልኩት።

ዞሬ በእግሬ ሄድኩ።